ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ዘንገና መሄጃ የለው

የጥቅምት ጠዋት ነው። ሌሊቱን በእንጅባራ ዙሪያ መስክ ላይ ያደረው ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። ገበሬው በፈረስም በእግርም ወደ ከተማው ይጎርፋል። የቀርከሃ ሥራ የተሸከመው፣ ድንች በአህያ የጫነው፣ ጠቦት የሚነዳው ሁሉ መንገዱን ሞልቶታል። በዚህ ሰዓት ከከተማው ወደ ገጠር የሚወጡት ሁለት ወጣቶች ብቻ ይመስላሉ። ሁለቱም በትከሻቸው ትናንሽ ቦርሳ አንግበዋል፤ በቦርሳቸው ውስጥም ለምሳ የሚሆን ዳቦና ውሃ ይዘዋል። በአስፋልቱ ዳር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘግማሉ። መድረሻቸው የዘንገና ሐይቅ ነው።

ወቅቱ 2015 ዓ.ም. ነበር። አንደኛው ወጣት በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በባንጃ ወረዳ የሚሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ከዓባይ ማዶ፣ ከደቡብ ወሎ ከመካነ ሰላም አካባቢ የመጣ የሙያ ባልደረባው ነው። ሁለቱ በአንድ የግብርና ኮሌጅ፣ በአንድ ክፍል ተምረው በዲፕሎማ ከተመረቁ ወዲህ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ባለአገሩ እንግዳውን «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ፤ መጀመሪያ ሐይቃችንን ላሳይህ» ብሎ ነው ማልዶ ያስነሣው።

ለሚያያቸው ሰው ጉዞው የመዝናኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመካነ ሰላሙ ወጣት ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው።

ዘር ፍለጋ

እንግዳው በሚሠራበት ቀበሌ አንድ ምንጭ አለ። ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ምንጩ በበጋ ወራት እየቀጠነ ሄዷል። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት የጋራ ግጦሽ ሲሆን፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ አልቆ ጥቂት አጋምና ክትክታ ብቻ ቀርቶበታል። ስለዚህ የቀበሌው ገበሬዎች ከልማት ሠራተኛው ጋር መክረው፣ ተዳፋቱን በሙሉ አጽድተው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ሊተክሉበት ተስማሙ። ሃያ አባወራዎች ጉድጓድ ቆፈሩ። ዘሩን ከአዊ የማምጣቱ ኃላፊነት የወጣቱ ሆነ።

ዲከረንስ በአዊ ዝናው የወጣ ዛፍ ነው። የአካባቢው ገበሬ ችግኙን በማሳው ላይ ከጤፍ ጋር አብሮ ያሳድገዋል። በሁለተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር አጭዶ ለከብቱ ይመግባል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ከዚያ ማሳው ተመልሶ ይታረሳል። በዝናብ ብዛት ታጥቦ አሲዳማ የሆነውና እህል ማብቀል የተሳነው መሬት፣ ከዛፉ በኋላ ዳግመኛ ጤፍ ሲሰጥ በመታየቱ ባንጃ፣ ፋግታ ለኮማና አካባቢያቸው በዚህ ዛፍ ተሸፍነው ነበር። ወሬው ቦረና ድረስ የደረሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ጓደኞች ከከተማው ትንሽ እንደ ራቁ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከለው ዲከረንስ ጀመረ። እንግዳው ግን እንደ ጠበቀው አረንጓዴ ሆኖ አላገኘውም። ከዛፉ ላይ ቅጠሉ ረግፏል፤ የቀሩት ቅርንጫፎች የዛገ ብረት የሚመስል ቡናማ እባጭ አውጥተዋል።

«ይኸ ዛፍ ምን ነካው?» ሲል ጠየቀ።

«ዋግ ነው» አለ ባለአገሩ። «የስንዴው ዋግ አይደለም፤ ዘመዱ ነው። በነፋስ ይዛመታል። ችግኙን በጠዋቱ ይቀጨዋል፤ የተረፈውም ውፍረት አያወጣም።»

በሽታው በ2012 ዓ.ም. አካባቢ በአዊ ታይቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሰፊውን የዲከረንስ ተክል ያጠቃ ፈንገስ ነው። በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ ኑሮውን በአንድ የዛፍ ዓይነት ላይ አሳርፎ ስለ ነበር ጉዳቱ በየቤቱ ገባ።

እንግዳው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ሄደ። ቀጥሎም «ታዲያ ዘሩስ?» አለ።

«መጀመሪያ ሐይቁን እንይ። ስለ ዘሩ ኋላ እንነጋገራለን» የሚል መልስ ተሰጠው።

ትንሽ ስፋት፣ ብዙ ጥልቀት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ዋና መንገድ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ነገር ግን በአውቶቡስ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። ከውጭ የሚታየው በዛፍ የተሸፈነ ዝቅተኛ ጉብታ ብቻ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ከአስፋልቱ ወጥተው በጉብታው ላይ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ድንገት ቁልቁል ወረደ። ከታች ክብ ሆኖ የተኛ ጥቁር ሰማያዊ ውሃ ታየ። በዳርቻው ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ፤ በዛፎቹ ላይ ጦጣዎች ይዘላሉ።

የመካነ ሰላሙ ወጣት ሐይቅ አዲሱ አይደለም። የወሎ ሰው እንደ መሆኑ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ ገዳም ያጸኑበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ውሃ ያውቃል። ያ ግን ከመሬት መሰንጠቅና መስጠም የተገኘ ሰፊ ሐይቅ ሲሆን፣ ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋ ቅልጥ ዐለት በመንገዱ የከርሰ ምድር ውሃ ሲያጋጥመው፣ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ክዳኑ ጠብቆ የታሰረ ድስት እሳት ሲበዛበት እንደሚፈነዳ ሁሉ፣ እንፋሎቱም የላዩን ዐለት ሰባብሮ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። የተወረወረው ድንጋይና አመድ በጉድጓዱ ዙሪያ ተመልሶ ይወድቅና እንደ ጎመድ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ በኋላ ዝናብና ከዙሪያው የሚሰርግ ውሃ ጉድጓዱን ይሞላዋል። የመካነ ሰላም ደጋ የተሠራበት ጥቁር ድንጋይም ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ዕድሜው ግን ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በእንጅባራ ዙሪያ ያሉት ጉብታዎችና ጉድጓዶች ከዚያ ጋር ሲነጻጸሩ የትናንት ልጆች ናቸው።

ዘንገና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከመካነ ሰላም ከተማ ከፍታ ብዙም አይለይም። ከአንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር ያልፋል። ሃምሳ ሃምሳ ሜትር የሚረዝሙ ሦስት ባሕር ዛፎች አንዱ በሌላው ላይ ቢቆሙ ከውሃው በላይ አይታዩም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው የጣና ሐይቅ ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር አካባቢ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የዚህች ትንሽ ሐይቅ ነገር ያስደንቃል።

ከሁሉም በላይ የእንግዳውን አሳብ የሳበው ሌላ ነገር ነው። በዙሪያው ቢመለከት ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ አላየም።

«መውጫው በየት በኩል ነው?» አለ።

«መውጫ የለውም» አለ ጓደኛው።

የዳርቻው ሒሳብ

በጉብታው ጫፍ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወጣቶቹ «እንዴት አደሩ አባቴ» ብለው ቆባቸውን አነሡ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ፤ ተቀመጡ» አሏቸው። ዳቦው ተቆርሶ ሦስቱም ተካፈሉ።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት በታች፣ ከብት እየተመላለሰ ዛፉንም ሣሩንም ያጠፋበት አንድ ቁልቁለት አለ። በሌላው በኩል ተዳፋቱ በዛፍና በቁጥቋጦ እንደ ተሸፈነ ሲሆን፣ በዚህ በኩል ግን ቀይ አፈር ተገልጦ ይታያል። ጎርፍ ቦይ ቀዶበታል። ቦዩ ከውሃው በሚገናኝበት ቦታ ላይ የተከማቸ ደለል እንደ ምላስ ወደ ሐይቁ ገብቷል።

«ዝናብ በመጣ ቁጥር በዚህ በኩል ይቀላል» አሉ ሽማግሌው። «ውሃው የትም አይሄድም። የሰጠነውን ሁሉ ይዞ ነው የሚቀመጠው።»

የሽማግሌው አነጋገር ከሳይንሱ ጋር የሚስማማ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ከዳርቻው የሚታጠበውን አፈር፣ ፋንድያና ማዳበሪያ ሁሉ ያስቀራል። የገባው ነገር እየበሰበሰ ሲሄድ በጥልቁ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ለምሳሌ ያህል በቢሾፍቱ ከሚገኙት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች በአንዳንዶቹ፣ በቀዝቃዛው ወራት ከሥር ያለው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣ በጅምላ የሞተበት ጊዜ አለ። የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ባይሆንም፣ ከዙሪያው በገባበት ደለልና ለመስኖ በተሳበበት ውሃ ብዛት በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ መድረቁ ይታወሳል። ኋላ በመጠኑ ውሃ ቢመለስለትም፣ የደረሰው ጉዳት ለብዙዎች ትምህርት ሆኖ ቀርቷል።

የመካነ ሰላሙ ወጣት ደለሉን እየተመለከተ ብዙ ቆየ። ከዚያም «በእኛ ዘንድ እኮ ይኸ ነገር አይታይም» ሲል ተናገረ።

አባባሉን አብራራ። በቦረናና በሳይንት ደጋ ክረምት ላይ ዝናብ ሲያቆም ጅረቱ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። በማግሥቱ ይጠራል። ሰውም «ጎርፉ አለፈ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። አፈሩ በየገደሉ ወርዶ ዓባይ ስለሚገባ ማንም ተከትሎ ሒሳቡን አያይም። ሰው የሚያየው ከዓመታት በኋላ እርሻው ድንጋይ ሲሆን፣ ምንጩም ሲቀጥን ነው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ?» አለ። «ግንዱም አፈሩም የእኛ ነው።»

ባለአገሩ ሳቅ ብሎ «ዓባይ ማደሪያ የለው፤ ዘንገና ደግሞ መሄጃ የለው» አለ። ጥቂት አሰብ አድርጎም «ግን እኮ አሁን ዓባይም ማደሪያ ተሠርቶለታል» ሲል አከለ።

እውነትም ተረቱ ዘመን ተለውጦበታል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውሃ መያዝ የጀመረው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከቦረና ደጋ በታች በዚያው በዓባይ ላይ የተሠራ ነው። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከግድቡ በፊት የኢትዮጵያ አፈር ድንበር ተሻግሮ የሱዳንን ግድቦች ሲደለድል ኖሯል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የሮሰሪስ ግድብ ከዚህ ደለል የተነሣ ውሃ የመያዝ አቅሙ እጅግ ተቀንሶበታል። አሁን ግን ከመካነ ሰላም ተዳፋት የተነሣ ደለል አብዛኛው የሚያርፈው በራሳችን ግድብ ውስጥ ነው። ዘንገና በአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ውስጥ የሚያሳየውን ነገር የሕዳሴ ሐይቅ በብዙ ሺህ እጥፍ ይይዘዋል ማለት ነው።

በሽማግሌው በታች ያለው ቁልቁለትና በዛፍ የተሸፈነው ማዶ ልዩነታቸው የሚመነጨው ከዳርቻው ነው። የሚዘንብባቸው ዝናብ አንድ ነው። በአንዱ በኩል ግን ዝናቡ በቅጠልና በሣር ላይ አርፎ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ በሌላው በኩል አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ይህን ልዩነት በወሎ ምድር ለመለካት ሲባል በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ፣ በማይባር ሐይቅ አጠገብ፣ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ይለካ ነበር። ሣር የለበሰ መሬት ከተገለጠ መሬት ጋር ሲነጻጸር የሚያጣው አፈር እጅግ ጥቂት መሆኑ ሙያው ያረጋገጠው ጉዳይ ነው።

ባዶ እጅ መመለስ

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወጣቶች ሽማግሌውን ተሰናብተው በሐይቁ ጫፍ ጫፍ ዙሪያውን ሄዱ። የዘሩ ነገር የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

«ዘር አልሰጥህም» አለ ባለአገሩ ቁርጥ አድርጎ።

እንግዳው ተቆጣ። «ሃያ አባወራ ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠብቀኛል! ምን ብዬ ልመለስ? ደግሞ ደብዳቤህን አይቼ እኮ ነው የመጣሁት» አለ።

«ደብዳቤውን የጻፍሁልህ በሽታው እንዲህ ሳይከፋ ነው። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ። ግን በሽታ ካለበት አገር በሽታ ወደሌለበት አገር ሳይመረመር ዘርም፣ ችግኝም፣ ቅርንጫፍም አይወሰድም። ይህን እኔም አንተም ተምረነዋል።»

ቀጥሎም ሁለተኛ ምክንያቱን አስረዳ። ዲከረንስ በአዊ የጠቀመው በደከመ የእርሻ ማሳ ላይ ሲተከል ነው። በአምስተኛው ዓመት ይቆረጣል፤ መሬቱም እንደገና ይታረሳል። የምንጭ ራስ ግን እንዲህ ያለ መሬት አይደለም። በየአምስት ዓመቱ ተመንጥሮ የሚገለጥ ተዳፋት ምንጭ አይጠብቅም። ይልቁንም ያለውን አጋምና ክትክታ ሳይነኩ፣ ከብት እንዳይገባበት ከልሎ፣ አገር በቀሉ ዛፍ በመሐሉ እንዲገባ ማድረግ ይሻላል።

«የዛሬውን መንገድ ያስመታሁህም ለዚህ ነው» አለ። «የዘንገና ማዶ የለበሰው አገር በቀሉን ዛፍ ነው። ዋጉ ሲመጣ የመንገዱ ዳር ተራቆተ፤ ይህኛው ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ስላልሆነ እንዳለ አለ።»

እንግዳው መልስ አልሰጠም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ እንጅባራ ተመለሱ። በማግሥቱ ጠዋት ጓደኛሞቹ ተቃቅፈው ተሰነባበቱ፤ የመካነ ሰላሙ ወጣትም ባዶ ቦርሳውን ይዞ ወደ አገሩ መንገድ ጀመረ።

በቀበሌው የተጠራው ስብሰባ ቀላል አልነበረም። ወጣቱ ዘር ሳይዝ መመለሱን ሲናገር ጉርምርምታ ተሰማ። የቆፈሩት ጉድጓድ፣ ያባከኑት ጉልበት አንድ በአንድ ተነሣ። እሱም ያየውን ሳይደብቅ አስረዳ። የዛፉን በሽታ ነገራቸው። መውጫ ስለሌለው ሐይቅ፣ በከብቱ ቁልቁለት በኩል ስለተከማቸውም ደለል ተረከላቸው። ከዚያም ሁሉም የሚያውቁትን የደንቆሮ ጫካን አነሣ። ይህ ጫካ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት፣ በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ የሆነው የቦረና ሳይንት ደን ነው። «ከጫካው ሥር የሚወጣው ውሃ በበጋ ሲቀር አይታችኋል? የእኛስ ለምን ቀጠነ?» ሲል ጠየቃቸው።

አንድ አረጋዊ ገበሬ ተነሥተው ዋናውን ጥያቄ አቀረቡ። «ልጄ፣ ነገሩ ገብቶናል። ከብቱ ግን የት ይግባ? ተዳፋቱ ከተከለለ ክረምት ላይ የሚበላው የለም» አሉ።

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። የተከለለ መሬት በብዙ ቦታ የሚፈርሰውም ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ነው። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ፣ ከብት ወደ ተዳፋቱ እንዳይገባና በምትኩ ሣሩ እየታጨደ ለየቤቱ በዕጣ እንዲከፋፈል ሐሳብ ቀረበ። ከብት የሌላቸውም ድርሻቸውን ወስደው መሸጥ እንዲችሉ ተባለ። የተቆፈሩት ጉድጓዶች በክረምት ወይራ፣ ብሳናና ኮሶ እንዲተከልባቸው ተስማሙ። እስከዚያው ጉድጓዶቹ የሚወርደውን ውሃ እየያዙ እንዲያሰርጉ ተዳፋቱን ተከትለው በእርከን ተያያዙ። የዲከረንስ ነገር ደግሞ ከበሽታ ነፃ የሆነ ዘር በምርመራ ሲገኝ በደከሙት ማሳዎች ላይ፣ ከሌሎች ዛፎች ጋር ተቀላቅሎ ለመሞከር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ሁሉም አልተስማሙም። ከሃያዎቹ አባወራዎች ሁለቱ «ከሰል የማይሆን ዛፍ ምን ይሠራልናል?» ብለው ስብሰባውን ጥለው ሄዱ። ሁለቱም ብዙ ከብት፣ ጥቂት መሬት ያላቸው ናቸው፤ የእነሱ ጉዳይ ገና መልስ ይሻል። ጥያቄውን ያነሡት አረጋዊ ግን ከወጣቱ ጋር አብረው እስከ ምንጩ ወረዱ። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ውሃ ጠጡና «አብሽር ልጄ» አሉት። «ዘሩ ቢቀርም መላ ይዘህ መጥተሃል። ለነገሩ ግን የክረምቱን እናያለን።»

የምንጭ ራስ ያለው ቀበሌ ሁሉ ከዚህ የሚወስደው ቁም ነገር አለ። ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት ከመመንጠር ይቆጠብ። ከመከለሉ በፊት ለከብቱ መኖ መላ ያብጅ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አይትከል። ዘርና ችግኝ ከሌላ አካባቢ ከማስመጣቱ በፊትም የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ። ውሃ የሚጠበቀው ከዳርቻው ነው። የዘንገና ሰው ይህን በየክረምቱ ከጉብታው ላይ ሆኖ ያየዋል። የቦረና ሰው ግን አፈሩ ርቆ ስለሚሄድበት፣ ሒሳቡን በምንጩ ቅጥነት ነው የሚያነበው።